ጥሬ ሥጋ ይዛ የገባችው ሴት

ናዕሳ ይቅርታ አታውቅም። ይህን ጎረቤት ለሐሜት የሚያወራባት እንዳይመስላችሁ፤ ራሷ ናት ደረቷን ነፍታ የምትናገረው። «ሰው የተበደለውን ይረሳል፤ እኔን ግን አላህ ሲፈጥረኝ መርሻውን ነፍጎኛል» ትላለች። የወለወለችው የሆስፒታል ወለል ላይ በጭቃ ጫማ የተራመደ ሐኪም እንኳ ዝናቡም ጭቃውም ከተረሳ በኋላ ሲወቀስ ይሰማል። ከሰው ሁሉ በላይ ግን የማትረሳው ሐሚዳን ነው፤ የባሏን ወንድም ሚስት።

ሁለቱ ሴቶች በላይኛው ግብፅ፣ ከቀና ከተማ ወዲህ፣ ከአባይ ምዕራብ ዳር ባለች መንደር ለሁለት ወንድማማቾች ተድረው አንድ ግቢ ገቡ። ሐሚዳ ቀድማ ገብታ ሴት በሴት ላይ ወለደች። ናዕሳ ኋላ መጥታ በመጀመሪያው ወንድ ወለደች። ረሻድ ተባለ። አማታቸው ጣሪያ ላይ ወጥታ እልልታዋን ስታቀልጠው ሐሚዳ ምድጃው ሥር ጎንበስ ብላ እሳት ታራግብ ነበር፤ ቀና ብላም አላየች። ናዕሳን ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሟ የጠራት የለም። ኡም ረሻድ ሆነች፤ የረሻድ እናት።

ልጁ በተወለደ ሰሞን አረፋ ደረሰ። አማቲቱ ከአራስ ቤቱ በር ላይ ተተክላ የሚገባውን ሁሉ ትመረምራለች። ከቀብር የመጣ፣ ፀጉሩን የተላጨ፣ ደበርጃን ወይም ጥሬ ሥጋ የያዘ ሰው አያልፍም። አራሷ ራሷ ወደ ደጅ ወጥታ ካልተቀበለችው በቀር ጥሬ ሥጋ ድንገት ከገባባት ከብሳ ይይዛታል። ከብሳ የያዛት አራስ ጡቷ ይነጥፋል፣ ማኅፀኗም ይዘጋል። ይህን የማያውቅ በዚያ መንደር ገና ያልተወለደ ብቻ ነው። አማቲቱ ለሶላት ልትታጠብ ዞር ባለችበት ቅጽበት ግን ሐሚዳ ከዕርዱ ቦታ ደም የሚያንጠባጥብ ትሪ በራሷ ተሸክማ፣ «እንኳን አደረሰሽ!» እያለች ዘው አለች።

ናዕሳ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። ሐሚዳ ትሪውን እንደተሸከመች ቀጥ ብላ ቀረች።

«ወላሂ ረሳሁት» አለች።

ከብሳ መፍቻ አለው። ሥጋውን ያመጣችው እጅ ያንኑ ሥጋ መልሳ ትዘረጋለች፤ አራሷ ትራመደዋለች፤ የታጠበበትን ውሃ በጡቷ ላይ ታፈሳለች፤ ያኔ ነገሩ ይፈታል። ግን ሥጋው ጥሬ መሆን አለበት። አማቲቱ ተጠርታ፣ ወገቧን ይዛ፣ «የታል ሥጋው?» እስክትል ሐሚዳ ምድጃ ላይ ጥዳው በስሏል። ይባስ ብሎ መረቁን «ወተት ያመጣል» ተብሎ ለናዕሳ ሰጧት፤ እሷም ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ጠጣችው። ከዚያ ወዲህ መረቅ አፏ አስገብታ አታውቅም።

ጡቷ ነጠፈ። የፍየል ወተት ሞከሩ፣ የሩዝ ውሃ ሞከሩ። ረሻድ ያን በጋ ሳይጨርስ ሞተ። ሌላ ልጅም አልመጣ። ባሏ ጥቂት ታገሠና ሌላ ሴት አገባ፤ ናዕሳ ጓዟን በአንድ ሻሽ ቋጥራ ወጣች። በወረዳው ሆስፒታል ወለል ወልዋይ ሆና ተቀጠረች። ኡም ረሻድ የሚላትም ቀረ፤ ሰዎች አዝነውላት ነው የተዉት፣ እሷ ግን የልጇን ስም ለሁለተኛ ጊዜ የቀበሩባት ያህል ተሰማት።

ከዚያ በኋላ በወላዶች ክፍል ስታገለግል አረጀች። ከብሳን ከእሷ በላይ ያየ የለም። አንዱ ሐኪም ይስቅበታል፣ ሌላው ይቆጣበታል፣ አራሶቹም በፊቱ አዎን አዎን ብለው ዞር ሲል እናቶቻቸውን በር ላይ ያስቀምጣሉ። ናዕሳ ሁሉንም እያየች ወለሏን ትወለውላለች። እሷን የሚያንገበግባት አንድ ጥያቄ ነው፦ ሐሚዳ ያን ቀን እውነት ረስታ ነው ወይስ አውቃ? አውቃ ነው ብላ ፈርዳባታለች። ግን ከራሷ ከሐሚዳ አፍ ካልሰማችው ፍርዱ አንጀቷ ላይ አይረጋም።

አንድ ቀን ኮሪደሩን ስትወለውል እልልታ ሰማች። የሐሚዳን ድምፅ ወዲያው ለየችው። ራውያ፣ የሐሚዳ የመጨረሻ ልጅ፣ ወንድ ወልዳለች። ሐሚዳ በዕድሜ ዘመኗ ያላገኘችው ወንድ በልጇ በኩል መጣላት። ጥቁር ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከክፍሉ በር ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የጠያቂ ዘንቢል ትፈትሽ ጀመር። ናዕሳን ባልዲ ይዛ ስትመጣ አየቻት። የጽዳት ሠራተኛ እንዳትከለክል ስለታዘዘች ግን ሐሚዳ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ አሳለፈቻት።

ናዕሳ በማግስቱ ጠዋት ሥጋ ቤት ሄደች።

«ከነደሙ ቁረጥልኝ፤ እንዳታጥበው።»

«ምነው ናዕሳ፣ ባል አገኘሽ እንዴ?» አላት ሥጋ ሻጩ።

«ለሰደቃህ ነው። ሞተህ ሳታየው እንዳይቀርብህ ብዬ።»

ሥጋውን ባልዲው ውስጥ ከጨርቅ በታች አስቀመጠች። ሐሚዳን አልፋ ገባች። አራሷ አልጋ አጠገብ ስትደርስ ጨርቁን ገልጣ ሥጋውን እግርጌዋ ላይ ዘረገፈችው።

«እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፣ ራውያ።»

ሐሚዳ ወንበሩን ገልብጣ ዘለለች። «አንቺ! ምንድን ነው ያስገባሽው?»

«ውይ!» አለች ናዕሳ እጇን አፏ ላይ ጭና። «ወላሂ ረሳሁት።»

የሐሚዳ ፊት አመድ መሰለ። ናዕሳ ያን ፊት ለማየት ስትል ስንት ሌሊት ዓይኗን ሳትከድን እንዳደረች እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሥጋውን መልሳ ሰበሰበችና፣ ባልዲዋን አንስታ፣ የጀመረችውን ኮሪደር ልትጨርስ ወጣች።

የራውያ ወተት አልመጣም። እሷ ራሷም ጡቷን ለልጁ መስጠት አልደፈረችም። ክፍሉን የምትመራው ዶክተር ኢንጂ የእስክንድርያ ልጅ ናት፤ እዚህ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። መጀመሪያ ለማግባባት ሞከረች፣ ኋላ ተቆጣች።

«ተረት ነው ይሄ። ጡትሽን ስጪው፣ ሲስበው ይመጣል።»

«ከብሳ ይዞኛል፣ ዶክተር» እያለች አለቀሰች ራውያ። «ባዶ ጡት ሰጥቼ ላታልለው?»

ዶክተሯ የዱቄት ወተት በጥብጣ ስታመጣ ሐሚዳ መሐል ገባች። «ልጄ፣ እጅሽን ልሳም፣ እንዳታቀምሺው! የቆርቆሮ ወተት ከቀመሰ የእናቱ ጡት ለዘላለም ተዘጋ ማለት ነው።»

«እና በረሃብ ይሙት?»

«ያቺን ጠይቂያት!» ብላ ሐሚዳ ወደ ኮሪደሩ ጠቆመች። «ያቺ እባብ ናት ያደረገችው፤ መፍቻውም እጇ ላይ ነው።»

ናዕሳ ተጠራች። መወልወያዋን እንደያዘች መጥታ ቆመች።

«አንቺ ሴትዮ፣ የእኔ ክፍል ሥጋ ቤት መሰለሽ?» አለች ዶክተር ኢንጂ። «ሥጋው የት ነው ያለው?»

«ፍሪጅ ውስጥ።»

«የቱ ፍሪጅ?»

«የክትባቱ።»

ዶክተሯ ዓይኗን ጨፈነች። ከአልጋዎቹ መሐል ሳቅ ያመለጣት ሴት ነበረች። ናዕሳ ግን አልሳቀችም፤ ወደ ሐሚዳ ዞራ፣ «እኔ እንዳንቺ ምድጃ ላይ አልጣድኩትም። ጥሬውን ነው ያለው» አለቻት።

ዶክተር ኢንጂ ነገሩን ከሥሩ እንዲነግሯት ጠየቀች። ሐሚዳ ግማሹን፣ ናዕሳ ሌላውን ግማሽ፣ እየተናጠቁ ነገሯት። ወጣቷ ሐኪም ጎንበስ ብላ ሕፃኑን አየች። ከንፈሩ ደርቋል፣ ለቅሶውም ቀጥኗል።

«ስለ ሥጋ ማንም አላስተማረኝም» አለች በመጨረሻ። «የደነገጠች እናት ወተቷ እንደማይወርድ ግን ተምሬያለሁ። ይቺን ልጅ ከድንጋጤዋ የሚያወጣት እሱ ከሆነ፣ ሥጋው ይምጣ። ሂጂ አምጪው።»

«አላመጣም።»

«ምን አልሽ?»

«መጀመሪያ ከአፏ ልስማ። ያን ቀን አውቃ እንዳደረገችው እዚህ ሰው ሁሉ ፊት ትናገር።»

«ከሥራ ነው የማባርርሽ!»

«አባሪኝ። ስወጣ ሥጋውን አባይ ውስጥ እጥለዋለሁ። ከእኔ እጅ ካልተዘረጋ ደግሞ አንቺ ብታመጪውም ዋጋ የለውም፤ ጠይቂያቸው።»

አራሶቹ ሁሉ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዶክተሯ ብትፈልግ ዘበኛ መጥራት ትችል ነበር፤ ዘበኛ ግን የራውያን ጡት አይከፍትም። ይህን ለመረዳት ወራት ፈጅቶባታል፤ ዛሬ ግን ገብቷታል። ዞር ብላ ሐሚዳን አየቻት፤ ሁሉም ሐሚዳን አዩዋት።

ሐሚዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ረሳሁት ብዬሽ ነበር እኮ።»

«እንግዲያው አባይ ይብላው» ብላ ናዕሳ ወደ በሩ ተራመደች።

እውነቱ ይነገር፣ የሕፃኑ ድምፅ ያኔ ረሻድ በመጨረሻ ያለቀሰውን ለቅሶ መስሎባት ጆሮዋን ልትደፍን ቃጥቷታል። ቢሆንም ጥርሷን ነክሳ ሄደች። እኔ የቀመስኩትን ቅመሺ፣ እያለች ሄደች።

«ኡም ረሻድ!»

ናዕሳ ቆመች። በዚያ ስም ከተጠራች ስንት ዘመኗ ነው። የጠራቻት ደግሞ ሐሚዳ ናት።

«አውቄ ነው» አለች ሐሚዳ። ዓይኗ ከሕፃኑ ላይ አልተነሣም። «ወንድ ወለድሽ፣ ቀናሁ። አማታችን ዞር እስክትል ጠብቄ ገባሁ። እንዳይፈታልሽ ብዬ ነው ቶሎ የጣድኩት። በቃሽ? አምጪልኝ አሁን።»

አንዷ አራስ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

ናዕሳ ሥጋውን አመጣች። በእጇ ዘረጋችው፤ ራውያ የእናቷን ትከሻ ይዛ ተራመደችው፤ የታጠበበት ውሃ ለብ ብሎ ጡቷ ላይ ፈሰሰ። ዶክተር ኢንጂ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሕፃኑን አስጠጋችላት፤ አያያዙን አሳየቻት፤ ጀርባዋን እያሻሸች «አሁን ተፈቷል፣ አይዞሽ፣ ተፈቷል» አለቻት፤ እንደ አገሩ አሮጊት። ልጁ ሳበ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ሳበ። ከሰዓት በኋላ ከከንፈሩ ጫፍ ወተት ሲንጠባጠብ ሁሉም አየ። እልልታው ቀለጠ።

«ፍሪጄን በበረኪና አጥቢልኝ» አለቻት ዶክተሯ ናዕሳን። «ነገ ደግሞ ቢሮዬ ትመጫለሽ፤ ያልጨረስነው ጉዳይ አለን።»

ናዕሳ ፍሪጁን እያጠበች ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች። ለዚህ ቃል ስትል ከጎረቤት ተጣልታ፣ ብቻዋን እየበላች ኖራለች። አሁን ቃሉን በእጇ አስገብታዋለች፣ በምስክር ፊት። ግን ሐሚዳ ቃሉን ያለችው ሕፃኑን እያየች ነበር፤ ናዕሳን አንድ ጊዜ እንኳ አላየቻትም። ናዕሳ ጨርቁን ወርውራ ተነሣች።

ሐሚዳን ደረጃው ላይ ደረሰችባት።

«ያልሽው እውነት ነው?»

«ልጁ ጠብቷል።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም! አውቀሽ ነው ወይስ ረስተሽ?»

ሐሚዳ የደረጃውን ብረት ይዛ ዞረች። አርጅታለች፤ ናዕሳ ይህን ገና አሁን አየችው።

«ያኔ ረሳሁት አልኩሽ፣ አላመንሽኝም። ዛሬ አውቄ ነው አልኩሽ። ያ ልጅ እንዲጠባ ረሻድን በእጄ አንቄ ገደልኩት በይ ብትዪኝም እል ነበር። እንግዲህ ምን ልጨምርልሽ?»

«እውነቱን!»

«ለእሱ ሌላ ሰው ፈልጊ» አለችና ቁልቁል መውረዷን ቀጠለች።

ናዕሳ ደረጃው አናት ላይ ቆማ ጀርባዋን አየች። ደሟ ፈላ። ሮጣ ልትይዛት፣ ነጠላዋን ልትቀድባት፣ አፈር ላይ ልታንከባልላት ፈለገች፤ ግን ወደ በረንዳው ሮጠች። ሐሚዳ ግቢውን አቋርጣ ከውጪው በር ስትደርስ ናዕሳ በረንዳው ላይ ተንጠልጥላ ሳንባዋ እስኪተረተር ጮኸች።

«ዋሽተሻል!»

በግቢው ያለው በሽተኛና አስታማሚ ሁሉ ቀና አለ። ሐሚዳም ቆመች። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ ላይ ተመለከተቻት።

«የቱን?» አለቻት።