እጅ አውጡ ያልኩበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ፣ ቦረና ላይ ዝናቡ ተከታትሎ ከመጥፋቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ተርኬው አላውቅም። ዱብሉቅ በምትባለው ከተማ ባለፍኩ ቁጥር ግን ይመጣብኛል፤ ጽፌ ልገላገለው ብዬ ነው።

ነጌሌ ቦረና ተወልጄ ያደግሁ የወታደር ልጅ ነኝ። አባቴ ከጎጃም ተቀይሮ መጥቶ እዚያው ቀረ። ኦሮምኛ የለመድኩት ከሰፈር ልጆችና ከገበያ ነው፤ እንደ ውሃ እናገረዋለሁ። የከብት መድን የሚሸጥ አንድ ድርጅት ሲቀጥረኝም «የአካባቢውን ሕዝብ ታውቃለች» ተብዬ ነው። እኔም አውቃለሁ ብዬ አምኜ ነበር።

የመድኑ ነገር ቀላል ነው። አርብቶ አደሩ ከዝናቡ ወቅት በፊት ትንሽ ከፍሎ ይመዘገባል። ዝናቡ ቀርቶ ሳሩ ከደረቀ፣ ላሞቹ ሳይሞቱ በፊት ድርጅቱ የመኖ መግዣ ይሰጠዋል። የዓመቱ ምዝገባ አንዴ ካለፈ ግን አለፈ ነው።

ምዝገባው ሊጀመር ሲል ሐዋሳ ወስደው የገለጻ ሥልጠና ሰጡን። አሠልጣኙ ሽክ ያለ፣ አንድ ቦታ የማይቆም ሰው ነበር። «አድማጫችሁ ዝም ካለ ተኝቷል ማለት ነው» አለን። ጥያቄ ጠይቁ፣ እጅ አስወጡ፣ ዝም ካሉ አንዱን በስሙ ጥሩት፣ ሊደርስበት የሚችለውን ጉዳት በዓይኑ እንዲያየው አድርጉ። በልምምዱ አንደኛ ወጣሁ። ሲያጨበጭቡልኝ ልቤ አበጠ።

አብሮኝ የሚሠራው አብዱ መጨረሻ ወጣ። አብዱ የነጌሌ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሰው ፊት መቆም የሚያስጨንቀው። መንደሮቹን ስንከፋፈል ከዋናው መንገድ ወዲያ ያሉት ለእሱ፣ ዱብሉቅ አጠገብ ያሉት ለእኔ ደረሱን። እውነቱን ለመናገር፣ አዝኜለት ነበር።

እኔ የሄድኩበት ቀን ከብታቸውን አጠጥተው የጨረሱ ሰዎች ከውሃ ጉድጓዶቹ አጠገብ ግራር ሥር ተሰብስበው ጠበቁኝ። ከፊት ኦቦ ገልገሎ የሚባሉ አዛውንት ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። እሳቸው እሺ ካሉ ሁሉም እሺ እንደሚል ሰዎች ነግረውኛል። እኔ ቆሜ ጀመርኩ።

«ከሃምሳ ከብት በላይ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ» አልኩ ፈገግ ብዬ።

አንድም እጅ አልወጣም። «እሺ፣ ከሃያ በላይስ?» አሁንም ዝም። አልገባቸውም ብዬ ወደ ኦቦ ገልገሎ ተጠጋሁ። «ኦቦ ገልገሎ፣ እስቲ አንቱ ይንገሩን፤ ስንት አለዎት?»

«አሉ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሰው ፊቱን እያጠቆረ መሆኑን ማንም ያያል። እኔ ግን የማየው የሐዋሳውን ጭብጨባ ነበር። «ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ» አልኩ። «ዝናቡ ቀረ እንበል። ጠዋት ስትነሱ በረት ያለው ሁሉ ሞቷል። የኦቦ ገልገሎ ላሞች በሙሉ ሞተዋል። ታያችሁ?»

ዓይኑን የጨፈነ ሰው አልነበረም። ከኋላ አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ኦቦ ገልገሎ ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። አልተቆጡም። ፊታቸውን ወደ ከብቶቹ አዙረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መረቁ፤ ሰዉም ተቀበላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በቃ ልጄ። ናጋ» አሉኝ፤ ሰላም ማለት ነው። አንድ በአንድ ተነስተው ሄዱ። እኔ ቅጾቼን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ ለአብዱ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ቁጥር ጠየቅሻቸው? ቦረና ከብቱን ቆጥሮ አይነግርሽም፤ ክፉ ይጠራል ነው የሚለው። ደግሞ ሞቱ አልሽ፣ በአደባባይ፣ በስማቸው? እንዴ፣ ይሄ እኮ እርግማን ነው።»

«አንተስ ምን ብለህ አስፈረምክ?» አልኩት።

«እኔ ምን እላለሁ፤ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ስለ ድሮው ድርቅ ራሳቸው አወሩ። አውርተው ሲጨርሱ ወረቀቱን አወጣሁ። ስንቱን እንደሚያስመዘግቡ እያንዳንዳቸው ጆሮዬ ላይ ነገሩኝ።»

በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ልጠይቅ ተመለስኩ። ኦቦ ገልገሎ ቤት አስገብተው ወተት ሰጡኝ። ተናግሬ እስክጨርስ ሰምተው «አልተቀየምንሽም፤ የከተማ ልጅ ነሽ» አሉ። «ግን የከብቶቻችን ሞት የተጠራበት ወረቀት ላይ ማን ጣቱን ያሳርፋል?»

«ሌላ ሰው ይምጣላችሁ?» አልኳቸው።

«ሰው ቢቀየር ወረቀቱ ያው ነው፣ ልጄ።»

ምዝገባው ተዘጋ። ከእኔ መንደሮች አንድም ሰው አልተመዘገበም።

ያ ዝናብ ቀረ። ቀጥሎ የሚጠበቀውም ቀረ። ለአብዱ መንደሮች ተከፈለ፤ ድርቆሽ የጫነ መኪና በእኔ መንደሮች መሀል ሲያልፍ አይቻለሁ። ሰዎቹ መንገድ ዳር ቆመው ያዩት ነበር። ላሞቹ ከስተው ሲወድቁ ለአራት ለአምስት ሆነው ያነሷቸዋል፣ በማግስቱ ተመልሰው ይወድቃሉ። በኋላ የሚያነሳም ጉልበት ጠፋ። ቀጣዩ ምዝገባ ሲደርስ የሚመዘገብ ከብት አልተረፈም። የዚያች ልጅ አፍ ነው ያሉም እንደነበሩ ሰምቻለሁ።

ከወራት በኋላ ከብቱ ያለቀበት ሰው ወደ ሰፈረበት ሜዳ ለሥራ ሄድኩ። ኦቦ ገልገሎን ከአንድ የላስቲክ ጎጆ ደጅ ተቀምጠው አየኋቸው። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል «የነጌሌዋ ልጅ» ብለው ጠሩኝ።

«አካም? ናጋ?» አሉ። እናቴን ጠየቁኝ፣ ቤታችንን ጠየቁኝ፣ ሥራዬን ጠየቁኝ። ደህና ነን አልኩ። በወጉ መሠረት አሁን ተራው የእኔ ነው። ሰው ደህና ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ናጋ አሉኝ። ከሰው ቀጥሎ የሚጠየቀው ከብት ነው። እሱን ሳልጠይቅ ወደ መሬት አየሁ። እሳቸው ጠበቁኝ። አለመጠየቄን ሲያዩ፣ እንደጠየቅኋቸው ሁሉ «ናጋ» ብለው መለሱልኝ።

ዝናቡን እኔ አልከለከልኩም፤ ይህን አውቃለሁ። ድርቆሹን የከለከልኳቸው ግን እኔ ነኝ፣ በዚችው ምላሴ። ዛሬም እዚያው መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፤ አነጋገርሽ ሰው ይይዛል ሲሉኝ መግቢያው ይጠፋኛል። ያን ቀን ኦቦ ገልገሎ ቢሰድቡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።