ባለ ቀለበቱ ኮከብና የአማቼ እራት

ክረምቱን ቢቸና ከትልቋ ልጄ፣ በጋውን ሞጣ ከትንሿ ዘንድ ነኝ። አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አልሆነልኝም። በሁለቱም ቤት የማልተወው ልማድ ቢኖር ሲመሽ ደጅ ወጥቶ ሰማይ ማየት ነው። የቅርቡን ነገር ዓይኔ ከከዳኝ ቆይቷል፤ ሩቁን ግን እስካሁን አልነፈገኝም።

ሞጣ ላይ ችግሬ ጊዜ ነው። የትንሿ ልጄ ባል አክባሪ ሰው ነው፤ እኔ ገበታ ካልቀረብሁ እጁን አይታጠብም። እሱም እኔን አንቱ ይለኛል፣ እኔም እሱን። ስለዚህ ሰማይ የማየው ኮከብ ከወጣ አንሥቶ የሰውዬው ሆድ እስኪጮህ ድረስ ነው። ሲጮህ ደግሞ ይሰማል። እሱ ግን ትንፍሽ አይልም፤ የምትጮኸው ልጄ ናት። «እማዬ፣ ኧረ ሰው በረሃብ አለቀ!»

በዚያች አጭር ጊዜ አንድ ኮከብ የራሴ አደረግሁ። ከጎረቤት ጣራ በላይ ያለ፣ ቀላ ያለ፣ ጨዋ ኮከብ። ሌሎቹ ቦታ ሲቀይሩ እሱ ንቅንቅ አይልም።

«ያን ቀይ ኮከቤን አዩልኝ?» እለዋለሁ አማቼን በየማታው።

«አዎ እማማ፣ ያምራል።»

ግቢያችን ውስጥ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች አስተማሪ ተከራይታለች። አንድ ምሽት ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ቴሌስኮፕ፣ በሦስት እግር የሚቆም ቱቦ፣ ይዛ መጣች። «እማማ፣ ቀለበት ያሰረ ኮከብ ላሳይዎት» ስትለኝ የምይዝ የምጨብጠው ጠፋኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ሰማይ ሳይ ኖሬ ቀለበት እንዳለበት የነገረኝ አልነበረም። ግን ቱቦው በማግስቱ ይመለሳል፤ እኔም በማግስቱ ጧት የቢቸናን መኪና እይዛለሁ። ባለ ቀለበቱ ኮከብ ደግሞ ወደ ምዕራብ ወርዶ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

አስተዋይ ሰው ቀጥታ ወደሱ ይሄድ ነበር። እኔ «መጀመሪያ የኔን አሳዪኝ» አልሁ። አዞረችልኝ፤ ዓይኔን አስጠጋሁ።

«ይሄ ኮከብ መሰላል አለው እንዴ?»

አስተማሪዋ አፏን ያዘች። «እማማ፣ የስልክ ማማው ላይ ያለ መብራት ነው።»

ወደ አማቼ ዞርሁ። መሬት መሬት ያያል።

«ያውቁ ነበር?»

«እርስዎ ኮከብ ካሉት እኔ ማን ነኝና፣ እማማ...»

ከቤት ውስጥ ልጄ፣ «ወጡ ቀዘቀዘ!»

አስተማሪዋ ቱቦውን ወደ ባለ ቀለበቱ አዞረች። እሷ የቱቦውን እግር እያስተካከለች አማቼን፣ «እስቲ ኮከቡ ከገባ ይዩልኝ» አለችው። ጎንበስ አለ። እዚያው ቀረ።

«በስመ አብ!»

ራቡን ረሳ፤ እኔንም ረሳኝ። አማት ደግሞ አማቿን ተነሥ አትልም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሻሼን አስተካከልሁ። ደግሜ ጠረግሁ።

ቀና ሲል ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል። «እማማ፣ ይምጡ፣ ቶሎ!»

ዓይኔን አስጠጋሁ። ባሕር ዛፍ ነው። ጥቁር ቅጠል ብቻ።

«አዩት?» አለኝ ትንፋሹን ይዞ።

«አዎ» አልሁት። «ያምራል።»

እራት ላይ ያ ዝምተኛ ሰው አፉ አልዘጋ አለ። ከወጡ አንድ ድንች አወጣና ባዶ ሳህን መሐል አስቀመጠው። «የሳህኑን ጠርዝ ቀለበት ያድርጉት። እንዲህ አልነበር እማማ?»

በዚህም በዚያም ዞሬ ደህና አድርጌ አየሁት።

«ልክ እንዲህ ነው» አልሁና ኮከቡን አንሥቼ አጎረስሁት።