የአራሚው ቃላት

በማተሚያ ቤቱ «ወንፊት» ይሉታል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ መጻሕፍት ሲያርም፣ ከቀይ እስክሪብቶው ያመለጠ የፊደል ግድፈት በጣት የሚቆጠር ነው። ቤቱም ገብቶ አያርፍም፤ ሚስቱ በስፌት ቤቷ በር ላይ የለጠፈችውን ማስታወቂያ ሳይቀር አርሞባታል።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔንም አርመህ ልትጨርሰኝ ነው» ትለዋለች።

«አንቺ ያለ ግድፈት የታተምሽ ነሽ» ይላታል። እንዲህ ምላሱ ማር ነበር።

ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሞላው መጀመሪያ ቀልዱ ጠፋ፤ ቀጥሎ ይሉኝታው። ከእንግዳ ሳህን ላይ እያነሳ ይጎርስ ጀመር። አለቃውን በስብሰባ መሀል «ትሸታለህ» አለው። አንድ ሙሉ መጽሐፍ ያለ አንዲት ቀይ ምልክት ሲመልስ ከሥራ ተሰናበተ። ሰፈሩ «መጠጥ ጀምሮ ነው» አለ። የሚስቱ እህት ደግሞ፣ «ሌላ ሴት ይዞ እንዳይሆን» አለቻት።

ሚስቱን የሰበራት ግን የእናቷ ቀብር ነው። መቃብሩ አፍ ላይ ቆማ ስታለቅስ ትከሻዋን ነካ አድርጎ፣ «ምሳ መቼ ነው የምንበላው?» አላት። ደግሞ ጠየቃት፤ አሁንም ደገመ። በዚያው ሳምንት «አንተ ልብህ ድንጋይ ነው» ብላው ሻንጣዋን አንጠልጥላ እህቷ ቤት ገባች። ከዓመት በላይ ዓይኑን አላየችውም።

የመለሳት የጎረቤት ወሬ ነው፤ ሰውዬው ዝናብም ፀሐይም ቢሆን ያንኑ መንገድ ሲዞር ይውላል አሏት። ሄዳ ስታየው አጥንቱ ቀርቷል። እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ የጭንቅላቱን ፎቶ በጣቷ እያሳየች፣ «እዚህ ግንባሩና ጆሮ ግንዱ አካባቢ አንጎሉ እየሟሸሸ ነው» አለቻት። «ጠባይና ቋንቋን ነው የሚበላው። እርጅናን አይጠብቅም።»

«መድኃኒቱስ?»

«የሚመልሰው የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምናልባት ሦስት ዓመት ይሆነዋል።»

ሚስትየዋ አሰበች። እናቷ ከሞተች ገና ሁለት ዓመት አልሞላም።

ቤት ሲገቡ ወንበር ላይ አስቀምጣው፣ ተንበርክካ ጫማውን እየፈታች፣ «ይቅርታ አድርግልኝ፤ አላወቅሁም» አለችው።

ትኩር ብሎ አያት። «ይቅርታ ምንድን ነው?»

የምሩን ነው የጠየቃት። «ሰው ሰውን ሲበድል…» ብላ ጀመረች።

«መበደል ምንድን ነው?»

ከዚያ ወዲያ ሌላውም ቃል ተራ በተራ ከዳው። ማንኪያውም፣ በሩም፣ እሷም «ያ ነገር» ሆኑ። በመጨረሻ «ያ ነገር» የሚለውም ጠፋና ዝም አለ። እሷ የስፌት መኪናዋን አልጋው አጠገብ አስጠግታ፣ የደንበኞቿን ጉድ ስታጫውተው ትውላለች።

«አይሰማሽም፣ ለማን ነው የምታወሪው?» አለቻት እህቷ።

«ለባሌ» አለች።

በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ አንድ ጠዋት ጢሙን እየላጨችው ሳለ ዐረፈ። ግማሽ ፊቱ ገና ሳሙና ነበር። ምላጩን አለቅልቃ የቀረውን ላጨችው፤ ከዚያ ነው እህቷን የጠራቻት።