የይፋግን ወይን ይዤ ወደ ስካይቪው ራንች

“አንቺ? አንድ ሥራ ላይ ሦስት ወር ቆይተሽ የማታውቂ፣ ወይን ልትጠብቂ?” አሉኝ ጋሼ ደምሴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በእናቴ አርባ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

የእናቴ አገር ጎንደር ውስጥ ይፋግ ነው። እዚያ ከሚበቅለው ጥቁር ወይን የደረቀ ዘቢብ ዘመዶቻችን በየዓመቱ እዚህ ብርድ አገር ድረስ ይልኩልናል፤ ከዘቢቡ ቀይ ወይን የምትጥለው እሷ ነበረች። ከሞተች በኋላ የመጣው የዘቢብ ከረጢት ጋሼ ቤት ተቀምጧል። ለማን እንደሚሰጡት አልወሰኑም። እኔ ፈለግኩት። ስለዚህ ከኪችኗ ያገኘሁትን ትራፊ ዘቢብ ጃር ውስጥ ዘፈዘፍኩ፣ ጨፈለቅኩ፣ የማታ ሺፍት እየሠራሁ ቀን ቀን ጃሩን እያማሰልኩ ጠበቅኩት። አጥልዬ አንድ ጠርሙስ ወጣልኝ። ቅዳሜ ላስቀምሳቸው ተነሳሁ።

ፋልከንሪጅ

ከምድር ቤት ከተከራየኋት ቤዝመንቴ ስወጣ ማይነስ ሃያ ስምንት ነው። ወይኑ እንዳይቀዘቅዝ ጠርሙሱን በእናቴ ነጠላ ጠቅልዬ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት። ባሱ ዓይኔ እያየ ሄደ። ጥግ ካለው ሱቅ በሁለት ዶላር ሳሞሳ ገዝቼ ቆሜ በላሁ፤ ድንቹ መሀሉ ላይ በረዶ ነው።

የሚቀጥለው ባስ ላይ አንዲት ፑንጃቢ እናት ሆዴን አይታ ተነሳችልኝ።

“ስንተኛ ወርሽ ነው?” አለችኝ በእንግሊዝኛ።

“አምስተኛ።” ለወይኑ ልክ ነበር።

“አይዞሽ፣ ያልፋል” ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። በዚያን ቀን ደግ ቃል የሰማሁት ከእሷ ብቻ ነው።

ስካይቪው ራንች

ግራጫ ቤት፣ ግራጫ ጋራዥ፣ እንደገና ግራጫ ቤት። ነፋሱ ፊቴን እየላጠው ጋሼ ቤት ደረስኩ። ጋሼ ደምሴ ሰላም ሳይሉኝ ነጠላውን አወቁት። ጠርሙሱን ተቀብለው ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ ተጎነጩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

“የእህቴ እጅ! የት ደብቃው ኖሯል?”

“እኔ ነኝ የጣልኩት፣ ጋሼ።”

“ተይ እንጂ! በሙት አይቀለድም።”

“ምን አስቀለደኝ? አምስት ወር ጠብቄዋለሁ እኮ!”

“አንቺ?” ሳቁ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። “አንቺ ባስ መጠበቅ መቼ ይሆንልሻል?”

ልጃቸው ሐናም ሳቀች። “ካም ኦን” አለችኝ።

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ብርጭቆ አመጡ። ቆመው “ነፍስ ይማር” ተባባሉና ጠጡ። ደገሙ። ለእኔ የቀዳ የለም፤ ጠርሙሱ አለቀ።

ጋሼ ከጓዳ የዘቢቡን ከረጢት አምጥተው ሐና ጭን ላይ አስቀመጡት።

“አንቺ ረጋ ያልሽ ነሽ። የእህቴ ሙያ መጥፋት የለበትም።”

“አባ፣ እኔ እኮ እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም።”

“ኦንላይን ታይዋለሽ።”

ባዶውን ጠርሙስ በነጠላው መልሼ ጠቀለልኩት። በሩ ጋ ቁጭ ብዬ ቡትሴን አጠለቅኩ፣ ጃኬቴን ዘጋሁና ወጣሁ።