ከበረዶው ሥር ያለው ሙቅ ውሃ

ጆሃንስበርግ ባሕር የላትም። እኔ ግን እዚሁ ተቀምጬ፣ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያ በሚያይ የዩኒቨርሲቲ ቢሮ ውስጥ፣ የግሪንላንድን አንድ ፊዮርድ ሳጠና ዓመታት አለፉ። ፊዮርድ በገደሎች መሀል ወደ ምድር ጠልቆ የገባ የባሕር ክንድ ነው፤ የእኔው ፊዮርድ ጫፍ ላይ የበረዶ ግግር ቆሟል። ሥራዬ ከውቅያኖስ የሚገባው ውሃ ለፊዮርዱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያመጣ ማስላት ነበር።

ወደዚህ አገር ያመጣኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከከተማዋ ዳር ቮስሎሩስ ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረው፤ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ዳቦና የስልክ ካርድ እየሸጠ አስተማረኝ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ።

«ላይ ላዩን ያለው ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ሙቁ ከታች ነው» አልኩት።

«ሂድ! ሙቅ ውሃ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ድስት አይተህ አታውቅም?»

«ድስት ውስጥ ያለው ውሃ አንድ ዓይነት ነው። ይሄ ግን ይለያያል። ከበረዶው የቀለጠው ጨው ስለሌለው ቀለል ይላል፤ ከውቅያኖስ የሚመጣው ጨዋማ ስለሆነ ይከብዳል። ስለዚህ ሙቀቱን እንደያዘ ከሥር ይገባል። ፊዮርዱ አፍ ላይ፣ ከውሃው በታች፣ እንደ በር ደፍ ያለ ጉብታ አለ። እሱን ከተሻገረ ግግሩን ከእግሩ ይበላዋል።»

«ሥራ ነው አይደል? ዋናው እሱ ነው» አለኝ።

በዚያው ዓመት ሱቁን ሸጦ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ ወደ ሚስቱና ልጆቹ ተመለሰ። እኔ ጀርሚስተን ውስጥ ከአንዲት የብርድ ልብስ ነጋዴ ሱቅ በላይ ክፍል ተከራየሁ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄዴን አልተውኩም፤ ግን ያለ እሱ ከመዝሙሩ በኋላ የት እንደምቆም ግራ ይገባኝ ነበር።

አንድ ቀን ጥናቴን የምትመራው ፕሮፌሰር ቢሮዬ መጣች። «ሰሜኑ በጋ ሲሆን መርከብ ወደ ፊዮርዱ ይሄዳል። ስሌቱ ያንተ ነው፤ አንተው ብትሄድ ደስ ይለኛል» አለችኝ።

«ወረቀቴ የጥገኝነት ጠያቂ ነው» አልኳት። «ከአገር ከወጣሁ መመለሻ የለኝም።»

ብዙ ቦታ ደወለች። አልሆነም። በእኔ ፋንታ አብራኝ የምትማር የደርባን ልጅ ሄደች። ካርታው ላይ ጎንበስ ብለን፣ መለኪያውን ከደፉ ውጭ የት፣ ግግሩ ፊት የት እንደምትጥለው አሳየኋት። ቦታውን ኖሬበት እንደማውቀው ነበር የማወራው።

እሷ ከሄደች በኋላ ቢሮው ጭር አለ። ጠዋት ስወጣ ብርድ ልብስ ነጋዴዋ በዙሉ «ሳዉቦና» ብላ ሰላም ትለኛለች፤ እኔም «ዬቦ» ብዬ እመልሳለሁ። አንዳንድ ቀን ከአፌ የሚወጣው ቃል ያ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደርባኗ ልጅ ከመርከቡ ደወለች።

«ገብቷል! ሙቁ ውሃ ግግሩ ሥር ደርሷል!»

«አይሆንም። በእኔ ስሌት በበጋ ደፉን አይሻገርም።»

«እሱን ለፊዮርዱ ንገረው» አለችና ሳቀች። ከዚያ «ቆይ፣ ስማ» ብላ ስልኩን ወደ ውሃው አስጠጋችልኝ። የሚንሳፈፈው በረዶ ይንጣጣ ነበር፤ እሳት ላይ የተበተነ ጨው ይመስላል። በውስጡ ታፍኖ የኖረው አየር ነው የሚወጣው። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

ብድግ አልኩ። ለሰው መንገር ፈለግሁ። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። ወንድሜ ጋ ብደውል ኔትወርክ የለም። ማታ ለብርድ ልብስ ነጋዴዋ «ዛሬ ሥራ ቦታ ጥሩ ነገር ተገኘ» አልኳት። «እሰይ፣ ልጄ!» አለችና ወደ ደንበኛዋ ዞረች። እኔም ደረጃዬን ወጣሁ።

ስሌቱን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ከግግሩ ሥር የሚፈልቀው ቅልጥ ውሃ ቀሊል ስለሆነ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ሲሮጥም ከኋላው ሙቁን ውሃ ከውጭ ይስባል። ይህ ውሃ የሚስብበትን ኃይል አሳንሼ ገምቼ ኖሯል። ሲስተካከል ቁጥሩ ከልኬቱ ጋር ገጠመ። ፕሮፌሰሯ ጨበጠችኝ፤ እጇን አልለቅ ብዬ አሳፈርኳት መሰለኝ።

ያን ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ባሕር ወዳለባት ደርባን ሄድኩ። በሕይወቴ ባሕር ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ፤ ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ማዕበሉ ሲመለስ አሸዋውን ከእግሬ ሥር ይዞት ይሄዳል። አንድ ቤተሰብ ፎቶ አንሳን አሉኝና አነሳኋቸው። እናትየዋ «አንተንስ?» ብላ በተራዋ አነሳችኝ። ፎቶውን ለወንድሜ ላክሁለት።

መልሱ ቶሎ መጣ። «ያምራል። ከማን ጋር ሄድክ?»

«ብቻዬን» ብዬ ጻፍኩለት። የአውቶቡሱ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ጫማዬን በእጄ ይዤ ወደ መንገዱ ወጣሁ።