ይሁኔ በቃሉ የያዘው መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፎቿን ስልኳ ላይ አውርዳ አሳየችኝ። «ሁሉም በነፃ ነው እማዬ፤ የፈለገ ያወርዳል» አለችኝ። እሰየው አልኳት። ሆዴ ውስጥ የመጣው ግን ሌላ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚያሰኝ ንዴት። የኮሌጅ ጓደኛዬ ይሁኔ ትዝ ብሎኝ ነው።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ አንድ ኮሌጅ አብረን ስንማር፣ የባዮሎጂ መጽሐፋችን ለክፍሉ በሙሉ አንድ ብቻ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት አይወጣም፤ እዚያው በተራ ነው የሚነበብ። ያለው ፎቶ ኮፒ ያስነሳል። ከአምበር፣ ከጉንደ ወይን፣ ከሮብ ገበያ በሶና ቆሎ ቋጥረን የመጣነው ግን ፎቶ ኮፒ ቤቱን በሩቁ አይተን እናልፋለን። ዝናብ ሲጀምር ደግሞ የማርቆስ ጭቃ ጫማ ያወልቃል፤ ተራችን እስኪደርስ የቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ እየተንቀጠቀጥን እንቆም ነበር።

ይሁኔ የሮብ ገበያ ልጅ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ሳይገባ ቅኔ ቤት ቆይቷል፤ ስለዚህ መጽሐፉ እጁ ሲገባ እንደኛ ማስታወሻ አይጽፍም። ዓይኑን ጨፈን እያደረገ በቃሉ ይይዘዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሴል ክፍፍል በዜማ፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ! እንስቅበት ነበር። ከዚያ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጦ አንድ ቃል ሳያዛንፍ ይለዋል፤ እኛ እንጽፋለን። አንድ ቀን ደከመኝ ብሎን አያውቅም።

የመጨረሻው ፈተና ላይ የሠራው ስሕተት ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ብቻ የሚሠራው ነው። መጽሐፉን እንዳለ አሰፈረው፤ «ከላይ በሥዕሉ እንደሚታየው» የሚለውን እንኳ አልተወም። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሥዕል የሚባል ነገር የለም። መምህሩ አስጠሩት፤ እኛም ልንመሰክርለት ተከትለን ገባን።

«መጽሐፍ ደብቀህ አስገብተሃል» አሉት።

«የኔታ፣ መጽሐፍ ቢኖረኝማ በረንዳ ላይ ምን አስቆመኝ? ይስሙኝማ፣ ልበልልዎ።»

እጁን አጣምሮ ከምዕራፉ አናት ጀመረ። መምህሩ መጽሐፉን አስመጥተው፣ ገጹን እየገለጡ ተከተሉት። በመጨረሻ ዘጉት። ዳነ ብለን ተያየን።

«አምኛለሁ» አሉ። «ግን ኤፍ ሰጥቼህ ውጤቱን አስገብቻለሁ። የገባ ውጤት አይቀየርም።»

ያልሄድንበት ቢሮ የለም፤ የሰማን ግን አልነበረም። መጽሐፍ ባላገኘባቸው ሌሎች ትምህርቶች ቀድሞም ውጤቱ ዝቅ ብሎ ነበርና ያቺ ኤፍ ከኮሌጁ አሰናበተችው።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ቅኔ ቤት ተማሪ የሚገሠጸው ቃል ሲስት ነው፤ እሱም የመሰለው እንደዚያ ነበር።

«የቱ ላይ ሳትኩ?» አለኝ።

«ምንም አልሳትክም።»

«ታዲያ ለምን?»

መኪናው ሄደ።

ዛሬ ይሁኔ አገሩ ድንች ያመርታል። ገበያ ላይ ስንገናኝ «እንዴት ነሽ መምህርት?» ይለኛል፣ ያለ ምንም ቅሬታ። እሱ ትቶት ይሆናል፤ እኔ ግን አሁንም ያንገበግበኛል። ክፍል ገብቼ ስለ ሴል ሳስተምር በዚያ ዜማው ድምፁ ይመጣብኛል። ያንን ትምህርት የተማርኩት ከእሱ አፍ ነው፤ ዲፕሎማው የተሰቀለው ግን እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ነው።