መቅኔ ሊሰጡ የመጡት አባት

በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊያችን አቶ ተስፋዬ ነጭ ጋውን ሰጡኝና «ውጤት የሚነገረው ለሐኪም ነው። ኮሪደር ላይ ከቤተሰብ ጋር ወሬ የለም» አሉኝ። እዚሁ አቦከር ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በር ላይ ከሚቆመው ግማሹን አውቀዋለሁ። እንዴት ነው ወሬ የሌለው ብዬ በሆዴ ሳቅሁባቸው።

ሥራዬ ደም መመርመር ነው። አልፎ አልፎ ሐኪሙ በወፍራም መርፌ ከዳሌ አጥንት መቅኔ ሲቀዳ፣ ተቀብዬ ስላይድ ላይ የማሰራጨው እኔ ነኝ። ካልተቻኮሉ ይረጋል። እጄ ፈጣን ነበር፤ እኮራበትም ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት እንደሠራሁ ሀናን የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሶፊ ከሚባለው ገጠር መጣች። ዓይኗ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ለቀናት የቅጠል መድኃኒት ስትጠጣ ቆይታለች። ጉበቷ ሥራ እያቆመ ነበር። ደሟን በባዶ ቱቦ አስቀምጬ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁና አዘነበልኩት። መርጋት ሲገባው እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ጉበቷ ደም የሚያረጋውን ነገር መሥራት አቁሟል።

አባቷ ጋሽ አህመድ ጫት ገበሬ ናቸው። መስኮቴ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ወላሂ ምንም መላ የለም?» አሉኝ።

አንጀቴ አልቻለም። ያነበብኩትን ነገርኳቸው፦ የመቅኔ ሴሎች ወደ ተጎዳ ጉበት ሄደው የሞተውን ይጠርጋሉ፣ የተረፈው እንዲያገግም ያግዛሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ጉዳቱን ያባብሳሉ፤ ሕክምናው ውጭ አገር ገና እየተሞከረ ነው። እሳቸው የሰሙት መቅኔ የሚለውን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሸሚዛቸውን ወደ ላይ ሰብስበው የላቦራቶሪው በር ላይ ቆመዋል። «እህል አልቀመስኩም። ከወገቤም ከደረቴም ውሰድ። አቦ፣ አጥንቴ ጠንካራ ነው!»

እዚህ አይሠራም ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ። «ሐኪሙን ላናግር፣ ይጠብቁኝ» አልኳቸው። ሐኪሙ ምን እንደሚል ግን አውቅ ነበር፤ ሄጄም አልጠየቅሁት።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ብድግ ይላሉ፤ እኔ ሥራ የበዛበት መስዬ አልፋለሁ። ልጅቷ የተኛችበት ዋርድ ነርስ ሁለት ጊዜ መጥታ «ሀናን እየጠራችዎት ነው» አለቻቸው።

«መቅኔዬን ልሰጣት ነው፣ አብሽሪ በያት» ብለው መለሷት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደምንም እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ሸሚዛቸውን አስተካክለው ወደ ዋርዱ ሄዱ። ሀናን ግን ራሷን ስታ ነበር። ሳትነቃ በማግስቱ ሞተች።

አስከሬኗን ሊወስዱ ሲመጡ መስኮቴ ላይ ቆሙ። «ስትጠራኝ ምን ልትለኝ ነበር?» አሉኝ። ነርሷን ጠየቅሁ፤ እሷም አታውቅም።

አዲስ ለሚገቡ ባለሙያዎች የምነግረው ይህንን ነው፦ ሕክምናው እዚህ ከሌለ የለም በሉ። በጠየቋችሁ ሰዓት በሉ። ለበሽተኛው የቀረችውን ሰዓት የት እንደሚያሳልፏት ቤተሰቦቹ ይወስኑ።